የሬክታንግል ክላስ ሰነድ፦ ከስሙ የማይገመተውን መጻፍ

ጥያቄ፦ «በድሬዳዋ ከጓደኞቼ ጋር የቦታ ፕላኖችን የሚያነብና የሚስል አነስተኛ የፓይተን ላይብረሪ እየሠራን ነው። በውስጡ ሬክታንግል የሚባል ክላስ፣ ማለትም አራት ማዕዘን ቦታን የሚወክል የኮድ ክፍል አለ፤ የግራ ጫፍን፣ የላይ ጫፍን፣ ወርድንና ከፍታን ይይዛል። ለእያንዳንዱ ሜተድ፣ ማለትም ክላሱ ለሚሠራው ለእያንዳንዱ ተግባር፣ አንድ አንድ መስመር ማብራሪያ ጽፈንለታል። ሐረር ያሉ ተጠቃሚዎቻችን ግን አጥር የሚጋሩ ሁለት ቦታዎችን አንዳንዴ ‹ይደራረባሉ› ይላል፣ አንዳንዴ አይልም እያሉ ይጽፉልናል። ባልደረባዬ ኮዱ ግልጽ ስለሆነ ሰነድ አያስፈልገውም፣ ስህተቱን ብቻ እናርም ይላል። እንደ ሬክታንግል ያለ ቀላል ነገር ሰነዱ ምን ሊይዝ ይችላል? በአማርኛ ብንጽፈውስ?»

ምላሽ፦ ከሐረር የሚደርሳችሁ ቅሬታ ገና ስህተት ተብሎ ሊጠራ አይችልም። አንድ ሜተድ ተሳሳተ የሚባለው አደርገዋለሁ ያለውን ሳያደርግ ሲቀር ነው፤ የእናንተ ክላስ ግን አጥር ስለሚጋሩ ቦታዎች እስካሁን ምንም ቃል አልገባም። ስለዚህ «ስህተቱን ብቻ እናርም» የሚለው ሐሳብ ከመነሻው አይሠራም፤ ምን ሲሆን ትክክል እንደሚባል ሳይወሰን የሚደረግ እርማት አንዱን ተጠቃሚ አስደስቶ ሌላውን ከማስቀየም አያልፍም። ባልደረባዎ በአንድ ነገር ትክክል ናቸው፤ ወርድ በሚባል ሜተድ ሥር «ወርዱን ይመልሳል» ብሎ መጻፍ ለማንም አይጠቅምም። ከዚህ ተነሥቶ ሰነድ አያስፈልግም ማለት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ኮድ የሚያሳየው አሁን የሚሆነውን እንጂ ወደፊትም እንዲሆን የታሰበውን አይደለም። አንድ አንባቢ በመደራረብ ሜተዳችሁ ውስጥ «ያንሳል ወይም እኩል ነው» የሚለውን ምልክት ቢያገኝ፣ እኩልነቱ ታስቦበት የገባ ይሁን በአጋጣሚ የገባ ከምልክቱ ብቻ ሊያውቅ አይችልም። የሬክታንግል ሰነድ ዋና ሥራ ከሜተዱ ስምና ከኮዱ ሊገመት የማይችለውን ውሳኔ በግልጽ ማስፈር ነው።

ከእነዚህ ውሳኔዎች ትልቁ የጠርዙ ጉዳይ ነው፤ የእናንተም ችግር በአብዛኛው ከዚህ ይነሣል። ከ0 ሜትር የሚጀምርና 20 ሜትር ወርድ ያለው ቦታ፣ ከጎኑም ከ20 ሜትር የሚጀምርና 15 ሜትር ወርድ ያለው ሌላ ቦታ እንውሰድ። በትክክል 20 ላይ ያለችው ነጥብ የማን ናት? ሁሉም ጠርዞች የቦታው አካል ናቸው ከተባለ ነጥቧ የሁለቱም ትሆናለች፤ ቦታዎቹም ይደራረባሉ ይባላል፤ አጥሩ ላይ የተተከለ የመብራት ምሰሶ ሲቆጠርም ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ጠርዞቹ ጨርሶ አይካተቱም ከተባለ ደግሞ ምሰሶው የማንም ሳይሆን ይቀራል። መነሻው ጠርዝ ይካተታል፣ መድረሻው አይካተትም ከተባለ ግን ምሰሶው የሁለተኛው ቦታ ብቻ ይሆናል፤ ጎን ለጎን የተደረደሩ ቦታዎች በሙሉ እያንዳንዱን ነጥብ ሳይደግሙና ሳይዘሉ ይከፋፈሉታል። ይህ ሦስተኛው ግማሽ ክፍት የሚባለው አሠራር ነው።

እኔ የምመክረው ግማሽ ክፍቱን ነው፤ በዚህ ምርጫ ብቻዬን አይደለሁም። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1982 ቁጥር ከዜሮ ለምን መጀመር እንዳለበት በጻፈው አጭር ማስታወሻ፣ መነሻው የሚካተትበትና መድረሻው የማይካተትበት ክልል የሚመረጠው በመድረሻና በመነሻ መካከል ያለው ልዩነት ከክልሉ ርዝመት ጋር እኩል ስለሚሆንና የአንዱ መድረሻ ለቀጣዩ መነሻ ስለሚሆን እንደሆነ አስረድቷል። በዊንዶውስ የሥዕል ፋንክሽኖች የቀኝና የታች ጠርዞች በልማድ የማይካተቱ ናቸው፤ በአንድሮይድም፣ የጨዋታ መሥሪያ በሆነው የፓይተን ላይብረሪ በፓይጌምም እንዲሁ ነው። ከዚህ ልማድ የሚያፈነግጠው የታወቀ ምሳሌ ኪዩት የተባለው የፕሮግራም መስኮቶች መሥሪያ ላይብረሪ ነው፤ በሙሉ ቁጥር የሚሠራው የኪዩት ሬክታንግል የቀኝ ጫፉን ሲጠየቅ ግራ ሲደመር ወርድ ሲቀነስ 1 ይመልሳል። የኪዩት ሰነድ ይህ በታሪካዊ ምክንያት የመጣ መሆኑን በግልጽ ይናገራል፤ ትክክለኛውን ጫፍ የፈለገም ግራውንና ወርዱን ራሱ እንዲደምር ይመክራል። በነጥብ ቁጥር (እንደ 2.5 ባለ) የሚሠራው የዚያው ላይብረሪ ሌላ ክላስ ግን 1 አይቀንስም። ያ ማስጠንቀቂያ ባይጻፍ ኖሮ ስንት ፕሮግራመር በአንድ ፒክሰል ልዩነት ሲደናገር እንደሚኖር መገመት አያዳግትም፤ ለእኔ ስለ ሬክታንግል ከተጻፉት ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ ጠቃሚው እሱ ነው።

ግማሽ ክፍቱ ግን ሁለት ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንደኛው፣ የጠቅላላው ፕላን የመጨረሻ ጠርዝ የማንም አይሆንም፤ በፕላኑ የምሥራቅ ዳር መስመር ላይ በትክክል ያረፈ ነጥብ በየትኛውም ቦታ ውስጥ አይገኝም። ይህ በሰነዱ ካልተነገረ ሌላ የቅሬታ ምንጭ ይሆናል። ሁለተኛው፣ ለእናንተ ተጠቃሚዎች «አጥር ይጋራሉ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ራሱን የቻለ ዋጋ ስላለው ለእሱ የተለየ ሜተድ ያስፈልጋል። ሻፕሊ የተባለው የፓይተን ላይብረሪ መገናኘትን፣ መነካካትንና መደራረብን በሦስት የተለያዩ ሜተዶች ይመልሳል፤ አጥር ብቻ የሚጋሩ ቦታዎች በእሱ ዘንድ ይገናኛሉ፣ ይነካካሉም፣ ግን አይደራረቡም። ከሻፕሊ የመጣ ተጠቃሚ ይህን ልማድ ይዞ ስለሚመጣ፣ ሜተዳችሁን «ይገናኛል» ብላችሁ ሰይማችሁ አጥር ለሚጋሩ ቦታዎች «አይ» የሚል መልስ አትስጡ። ስሙ «ይደራረባል» ይሁን።

«አንዳንዴ አይልም» የሚለው የቅሬታው ክፍል ግን በጠርዝ ውሳኔ ብቻ አይፈታም። መጠኖቹን የምትይዙት በነጥብ ቁጥር ይመስለኛል። ፓይተን ውስጥ 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ የሚመጣው 0.30000000000000004 ነው፤ ኮምፒውተሩ በሁለትዮሽ አሠራር 0.1ን በትክክል መያዝ ስለማይችል ነው። እንግዲህ ከ0.1 የሚጀምር 0.2 ወርድ ያለው ሬክታንግል፣ ከ0.3 ከሚጀምረው ጎረቤቱ ጋር በዓይን በማይታይ ሽርፍራፊ ይደራረባል፤ የጠርዝ ሕጋችሁ ግማሽ ክፍት ቢሆንም እንኳ መልሱ «ይደራረባል» ነው። በተቃራኒው 0.1 እና 0.7 ሲደመሩ 0.7999999999999999 ይሆናሉ፤ ከ0.8 የሚጀምረው ጎረቤትም በመካከል ክፍተት ያለ ይመስል ይነጠላል፤ ጠርዙን የሚያካትት ሕግ ብትጠቀሙ እንኳ «አይነካካም» ይባላል። ሁለቱም የሚመነጩት መድረሻው ጫፍ በመደመር ስለሚገኝ፣ የጎረቤቱ መነሻ ግን በቀጥታ ስለተጻፈ ነው።

መውጫው ከአንድ በላይ ነው። ብዙዎች ቀድመው የሚያስቡት የመቻቻያ መጠን መጨመር ነው፤ ማለትም ልዩነቱ ከአንድ ሚሊሜትር ካነሰ እንደ እኩል ይቆጠር ማለት። ይህ ለአንድ ንጽጽር ይሠራል፤ ነገር ግን «ሀ» ከ«ለ» ጋር፣ «ለ» ከ«ሐ» ጋር እኩል ሆነው ሳለ «ሀ» እና «ሐ» እኩል የማይሆኑበትን ሁኔታ ይፈጥራል፤ በተርታ በተደረደሩ ቦታዎች ላይ ውጤቱ አስቸጋሪ ነው። ሌላው ከወርድ ይልቅ አራቱን ጫፎች መያዝ ነው፤ ያኔ የአንዱ መድረሻና የሌላው መነሻ በትክክል አንድ ቁጥር ስለሚሆኑ መደመር አይኖርም፣ ወርዱም ሲጠየቅ ብቻ ይሰላል። ለእናንተ ሥራ የሚሻለው ግን ልኬቱን በሚሊሜትር፣ በሙሉ ቁጥር መያዝ ነው። የፓይተን ሙሉ ቁጥር የመጠን ገደብ ስለሌለው ትልቅ ኮኦርዲኔትም (የቦታ መገኛ ቁጥር) አያሳስብም፤ የመሬት ልኬትም ከሚሊሜትር በታች ትርጉም አይሰጥም። የትኛውንም ብትመርጡ ሰነዱ የቁጥሩን ዓይነትና መለኪያውን መጥቀስ አለበት፤ ነጥብ ያለው ቁጥር ለሚያስገባ ሰውም ቁጥሩ እንደሚቆረጥ፣ እንደሚጠጋጋ ወይም ተቀባይነት እንደማያገኝ ይንገረው። ዝም ብሎ መቁረጥን አልመክርም።

አሁን ወደ ዘንጎቹ። «የላይ ጫፍ» የሚለው መጠሪያችሁ አደገኛ ነው። በኮምፒውተር ስክሪን ላይ የዋይ ዘንግ ወደ ታች ስለሚጨምር የላይኛው ጫፍ አነስተኛው ቁጥር ነው፤ በቅየሳ ፕላን ላይ ግን ዋይ ወደ ሰሜን ስለሚጨምር የላይኛው ጫፍ ትልቁ ቁጥር ነው። የአፕል ሥርዓቶች እንኳ በዚህ አይስማሙም፤ በአይኦኤስ መነሻው ነጥብ የግራ ላይኛው ማዕዘን ሲሆን፣ በማክ ላይ ግን ካልተቀየረ በቀር የግራ ታችኛው ነው። የእናንተ ላይብረሪ ፕላን የሚያነብም የሚስልም ስለሆነ ሁለቱ ልማዶች በአንድ ክላስ ውስጥ ይጋጫሉ። ክላሱ ምዕራብ፣ ደቡብ፣ ምሥራቅና ሰሜን በሚሉ መጠሪያዎች ይሠራ፤ ወደ ስክሪን የሚለውጠው ክፍል ለብቻው ይሁን። ወርድ ሁልጊዜ በምሥራቅና ምዕራብ አቅጣጫ የሚለካው እንጂ አጭሩ ጎን ማለት እንዳልሆነም አንድ ሐረግ ጨምሩ፤ ብዙ ሰው ከትምህርት ቤት ይዞት የሚመጣው ግንዛቤ ረጅሙ ጎን ርዝመት፣ አጭሩ ወርድ የሚል ነው።

ተጠቃሚዎቻችሁ ሐረር መሆናቸው ደግሞ አንድ ልዩ ጉዳይ ያስነሣል። የቦታን መገኛ በሜትር በሚገልጸው የዩቲኤም የካርታ ሥርዓት ዓለም 6 ዲግሪ ስፋት ባላቸው ዞኖች ትከፈላለች፤ ዞን 37 ከ36 እስከ 42 ዲግሪ ምሥራቅ ሲሆን ዞን 38 ከ42 ይጀምራል። የ42 ዲግሪው መስመር የሚያልፈው በድሬዳዋና በሐረር መካከል ነው። ድሬዳዋ በዞን 37 ምሥራቃዊ ዳር ስለምትገኝ የምሥራቅ ኮኦርዲኔቷ ከ800 ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ ሐረር በራሷ ዞን ከተሰላች ግን ከ200 ሺህ ሜትር በታች ይሆናል። እያንዳንዱ በየዞኑ የተሰላ ሁለት ሬክታንግል ለክላሳችሁ ቢሰጠው፣ ከድሬዳዋ በስተ ምሥራቅ ያለችውን ሐረርን በመቶ ሺዎች ሜትር ወደ ምዕራብ ያስቀምጣታል፤ ስህተትም አያሳይም። ሬክታንግል አራት ቁጥር ብቻ ስለሚያውቅ ይህን ሊከላከል አይችልም። ሁሉም ቦታ በአንድ ዞን ተሰልቶ እንዲቀርብ መጠየቅ፣ ክላሱም ይህን እንደማያጣራ በሰነዱ በግልጽ መናገር የግድ ነው።

ባዶና አሉታዊ መጠኖችን በተመለከተ ላይብረሪዎች እጅግ ይለያያሉ። የጃቫ ሬክታንግል ሰነድ ወርዱ ወይም ከፍታው ዜሮ የሆነ ሬክታንግል ባዶ ቢሆንም በዚያ ዘንግ ላይ ስፍራ እንዳለው፣ አሉታዊ የሆነው ግን ስፍራም መጠንም እንደሌለው ይለያል። የአፕል ሬክታንግል አሉታዊ ወርድን ተቀብሎ፣ ሲፈለግ ወደ መደበኛ መልክ የሚመልስ ፋንክሽን ያቀርባል። የኤስቪጂ (የድረ ገጽ ሥዕል ፎርማት) መስፈርት አሉታዊውን እንደ ስህተት ሲቆጥር ዜሮውን አይስልም። ለእናንተ የሚሻለው አሉታዊውን ገና ሲፈጠር አለመቀበል፣ ዜሮውን ግን መቀበል ነው፤ ምክንያቱም የመስመር ያህል የጠበበ ቁራሽ በፕላን ሥራ ውስጥ ይገኛል። ሁለት ሬክታንግሎች የጋራ ክፍል ከሌላቸው የጋራ ክፍሉን የሚመልሰው ሜተድ ባዶ ሬክታንግል ይመልሳል ወይስ ነን (None፣ በፓይተን «ምንም የለም» የሚለው ዋጋ)፣ ባዶ ሬክታንግል ከሌላ ጋር ሲጣመር ስፍራው ይቆጠራል ወይስ ይዘለላል፣ ለእነዚህም መልስ ይጻፍላቸው። ነንን የምመርጠው ጠሪው ጥያቄውን ሳያጣራ እንዳያልፍ ስለሚያስገድድ ነው።

መለወጥን በአጭሩ ላንሣ። «አንቀሳቅስ» የሚል ሜተድ ያንኑ ሬክታንግል ያንቀሳቅሳል ወይስ አዲስ ይመልሳል? ፓይጌም ሁለቱንም በተለያየ ስም አቅርቦ ልዩነቱን በሰነዱ ይገልጻል። እናንተ የማይለወጥ ክላስ አድርጉት፤ በፓይተን ፍሮዝን ዳታክላስ ይህን ይሰጣል፣ በሴት (set፣ ድግግሞሽ የሌለው ስብስብ) ውስጥ ለመክተትና በዲክሽነሪ ቁልፍነት ለመጠቀምም ያስችላል። ካሬን ከሬክታንግል ለማውረስ ካሰባችሁም ይኸው ውሳኔ ይጠብቃችኋል፤ ወርዱ ለብቻው ሊቀየር የሚችል ሬክታንግል ከፍታው እንደማይነካ ቃል ስለሚገባ፣ ካሬ ያንን ቃል ሊጠብቅ አይችልም።

የክላሱ ገደብም የሰነዱ አካል ነው። ጎኖቹ ከዘንጎቹ ጋር ትይዩ የሆነ ሬክታንግል ብቻ ከሆነ፣ መንገዶቹ ቀጥ ብለው በተዘረጉት በድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ውስጥ እንኳ ትንሽ ዘመም ያለ ቦታን በትክክል አይወክልም። የሐረር ጀጎል ደግሞ ግንቡ የሚከተለው ቅርጽም ሆነ የውስጡ ጠባብ መተላለፊያዎች ከአራት ማዕዘን ጋር አይገጥሙም፤ በጀጎል ዙሪያ የሚሠመር ሬክታንግል ከግንቡ ውጭ ያለ መሬትንም ያጠቃልላል። ስለዚህ ክላሱ «ነጥቡ ውስጥ አይደለም» ሲል፣ ከማይካተቱት ጠርዞች በቀር መልሱ የተረጋገጠ ነው፤ «ውስጥ ነው» ሲል ግን በእውነተኛው ቅርጽ ዳግም መጣራት ይኖርበታል። የሐረር ተጠቃሚዎቻችሁ ይህን ሳያውቁ ውጤቱን ለይዞታ ጉዳይ ቢጠቀሙበት የሚደርሰው ጉዳት ከፕሮግራም ስህተት ያለፈ ነው። ይህ ማስጠንቀቂያ ከክላሱ መግቢያ እንዳይጠፋ አደራ እላለሁ።

አጻጻፉን በተመለከተ ውሳኔዎቹን በየሜተዱ አትበትኗቸው፤ በክላሱ ዶክስትሪንግ (በኮዱ ውስጥ በሚጻፈው ማብራሪያ) መጀመሪያ ላይ በአንድ አንቀጽ ይቀመጡ። ለምሳሌ እንዲህ፦ «ይህ ክላስ ጎኖቹ ከዘንጎቹ ጋር ትይዩ የሆኑ ሬክታንግሎችን ብቻ ይወክላል። ልኬቱ በሚሊሜትር፣ በሙሉ ቁጥር ነው። ኤክስ ወደ ምሥራቅ፣ ዋይ ወደ ሰሜን ይጨምራል። የምዕራብና የደቡብ ጠርዞች የሬክታንግሉ አካል ናቸው፤ የምሥራቅና የሰሜን ጠርዞች አይደሉም፤ ስለዚህ አጥር ብቻ የሚጋሩ ሁለት ሬክታንግሎች አይደራረቡም። ወርዱ ወይም ከፍታው ከዜሮ ካነሰ ሬክታንግሉ አይፈጠርም፣ ቫሊዩ ኤረር ይነሣል። አንዱ ዜሮ ከሆነ ሬክታንግሉ ባዶ ነው፤ ምንም ነጥብ አይይዝም፣ ከምንም ጋር አይደራረብም። ሬክታንግሉ አንዴ ከተፈጠረ አይለወጥም። የሚነጻጸሩ ሬክታንግሎች በአንድ የኮኦርዲኔት ሥርዓትና ዞን ውስጥ መሆናቸውን ክላሱ አያጣራም።» ይህ ከተጻፈ በኋላ የወርድና የከፍታ ሜተዶች ማብራሪያ ባዶ ቢቀር አይከፋኝም፤ የሚብራራው ከዚህ ሕግ የሚያፈነግጥ ወይም የሚጨምር ሜተድ ብቻ ነው።

ከአንቀጹ ሥር ሦስት ወይም አራት ምሳሌ አስገቡ፤ አጥር የሚጋሩ ሁለት ቦታዎች፣ በጠርዝ ላይ ያረፈ ነጥብ፣ ዜሮ ወርድ፣ አሉታዊ ወርድ። ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣው ዶክቴስት በዶክስትሪንግ ውስጥ ያሉ ምሳሌዎችን አስሂዶ ውጤታቸው ከተጻፈው ጋር መግጠሙን ያጣራል። ያልተሞከረ ምሳሌ ኮዱ ሲቀየር ሐሰተኛ ሆኖ ይቀራል፤ ሐሰተኛ ሰነድ ደግሞ ሰነድ ካለመኖሩ የከፋ ነው፣ አንባቢው አምኖት ይሠራልና።

በአማርኛ ጻፉት፤ ተጠቃሚዎቻችሁ ቀያሾችና የፕላን ባለሙያዎች ከሆኑ የጠርዝ ሕጉን በሚያስቡበት ቋንቋ ማንበባቸው ይጠቅማል። የክላሱና የሜተዶቹ ስም ግን ኮዱ ውስጥ እንዳለ ይቀመጥ፤ ለአንድ ጽንሰ ሐሳብም አንድ ቃል ብቻ ተጠቀሙ፣ በአንድ ገጽ «ጠርዝ» በሌላው «ወሰን» አትበሉ። ፋይሉ በዩቲኤፍ 8 ይቀመጥ፤ በተጠቃሚው ተርሚናል ላይ የግዕዝ ፊደል በትክክል መነበቡንም አስቀድማችሁ ሞክሩ።

ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ አንቀጹን ጻፉ፣ ከባልደረባዎ ጋር በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ተስማሙ፣ ምሳሌዎቹን ጨምሩ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ኮዱን አንቀጹ ወደሚለው አምጡት። ሁለታችሁ የማትስማሙበት ዓረፍተ ነገር ካለ፣ ኮዱ ውስጥ የተደበቀው ክርክር ያ ነው። የጠርዝ ሕጉ ሲቀየር የሜተዶቹ ስምና ግብዓት ባይነካም የተጠቃሚዎች ውጤት ስለሚለወጥ፣ የቨርዥኑን የመጀመሪያ አኃዝ ጨምሩ፤ ሐረር ላሉትም ከዚህ በፊት «ይደራረባሉ» የተባሉ አጥር ተጋሪ ቦታዎች ከአዲሱ ቨርዥን ጀምሮ «ይነካካሉ» እንደሚባሉ፣ የቀድሞ ውጤቶቻቸውንም ዳግም ማስላት እንዳለባቸው ለይታችሁ ጻፉላቸው።